ሃያ ደርሶ መልስ

ኑ እስቲ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ያ ወንበር ይነቃነቃልና ግድግዳውን አስደግፋችሁ ተቀመጡበት። የምነግራችሁ ነገር ረጅም አይደለም፤ ቸኩለው የሚሰሙት ግን አይደለም። ልብ ያማል፣ አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ።

ሰውየው ሠላሳ አንድ ዓመት የከተማ አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ የወጣ ነው። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም «ደቂቃ» ነበር፤ ሰፈሩም ሚስቱም በዚያው ይጠሩታል። ስሙ ያለ ነገር አልወጣለትም። ተሳፋሪ ዘንቢሉን አንጠልጥሎ እየሮጠ ሲመጣ በጎን መስታወቱ እያየው፣ መነሻ ሰዓቱ ከደረሰ በሩን ዘግቶ ውልቅ ይላል። እርጉዝ ብትሆን፣ ሽማግሌ ቢሆን፣ ዶፍ ቢወርድ ያው ነው። «ላንተ ብዬ ብቆም እነዚህ የተሳፈሩት ምን በደሉ?» ይላል። ነገሩ እውነት ነው፣ መልስ የለውም። መልስ የሌለው ነገር ሁሉ ግን ትክክል እንዳይመስላችሁ።

ጡረታ ሲወጣ አውቶቡሱን አስረከበ፤ ሰዓቱን ግን ይዞ ቤቱ ገባ። ቁርስ ሁለት ሰዓት፣ ምሳ ስድስት ተኩል። አምስት ደቂቃ ካለፈ ጠረጴዛውን በጣቱ ጫፍ ይመታል። አይቆጣም፣ አይሳደብም። ጠ፣ ጠ፣ ጠ ብቻ። ሚስቱ ያን ድምፅ ከስድብ አብልጣ ትፈራው ነበር።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። ቤታቸው ጓሮ ባለች አንዲት ጠባብ ክፍል የተማሪ ሸሚዝ ስትሰፋ አርባ ዓመት ሊሞላት ነው። አሠራሯን ልንገራችሁ፣ ኋላ ያስፈልጋችኋል። ሁለት የቆርቆሮ ክዳን ማሽኗ አጠገብ ታስቀምጣለች። በግራው ክዳን የሸሚዝ ቁልፎች ቆጥራ ትጨምራለች። አንድ ኮሌታ ሰፍታ በጨረሰች ቁጥር አንድ ቁልፍ ከግራው አንሥታ ወደ ቀኙ ትጥላለች። ግራው ባዶ ሲሆን ሥራው አለቀ። «ሐሳቤ ቢጠፋ ቁልፉ አይጠፋም» ትላለች። በዚህ አሠራር ተሳስታ አታውቅም።

የማሽኑ ፔዳል ጉልበቷን ሲጎዳው ሐኪም ውሃ ውስጥ ተንቀሳቀሺ አላት። በሃምሳ ስድስት ዓመቷ መዋኛ ገንዳ ገባች። የመጀመሪያውን ወር ጠርዙን እንደ ሕፃን ሙጭጭ አድርጋ ይዛ አለቀሰች። በሁለተኛው ዓመት ግን እዩልኝ፣ ትንሳፈፋለች። ውሃው ምኗን እንደነካው እንጃ፣ ከዚያ ወዲያ ስለ ጉልበቷ ያነሣ ሰው የለም።

ሃምሳ ስምንት ዓመት በሞላት በዚያ ዓመት መጀመሪያ፣ ከቅድ ወረቀቷ አንድ ቁራጭ ቆርጣ በእርሳስ አራት መስመር ጻፈችና ማሽኑ ፊት ለፊት ለጠፈችው።

«ፊቴን ስነክር ዓይኔን አልጨፍንም። ጥልቁ ጋ ስደርስ ጠርዙን አልይዝም። ሺህ ሜትር ሳልቆም እዋኛለሁ። በዓመቱ መጨረሻ ከገንዳው ዋናተኞች ጋር ሐይቁን እሻገራለሁ።»

ደቂቃ መነጽሩን አፍንጫው ላይ አንሸራቶ አነበበው።

«ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል» አላት። «አንቺ ደግሞ ሁለቱን ባንድ ላይ ሆንሽ።»

ሳቀች። እሷ እንዲህ ነበረች፤ የሚወጋትን ነገር መጀመሪያ ትስቅለታለች። «አትሳቅብኝ፣ ደቂቃዬ። አርባ ዓመት የሰው ትከሻና ወገብ ስለካ ኖርኩ። እኔ እስከ ምን ድረስ እንደምችል ማንም ለክቶ አልነገረኝም። ይቺን አንዲት ነገር ማወቅ እፈልጋለሁ።»

«እኔ ልንገርሻ፤ ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።»

«እሱንም እየዋኘሁ አየዋለሁ» አለችና ፔዳሉን ረገጠች።

በሳምንት ሦስት ቀን፣ ጠዋት ከአሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ደቂቃ ራሱ በአሮጌዋ መኪናው ያደርሳታል። በታክሲ ልሂድ ብትለው እምቢ አለ። ብቻውን ቤት ቁጭ ብሎ ሰዓት ማየት አይችልም ነበር፣ ያን ግን ለማንም አይናገርም። ገንዳው ዳር ባለ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ጋዜጣውን ዘርግቶ ይቀመጣል። እሷ እግሩ ሥር፣ ጠርዙ ላይ፣ ሁለቱን ክዳኖቿን ታስቀምጣለች። ገንዳው ሃያ አምስት ሜትር ነው፤ አንድ ደርሶ መልስ ሃምሳ ሜትር። ሃያ ቁልፍ፣ ሃያ ደርሶ መልስ፣ ሺህ ሜትር። ሃያ እስክትደርስ ግን ለቀኑ ያሰበችውን ያህል ብቻ ግራው ላይ ትቆጥራለች፤ ባዶ ሲሆን ትወጣለች። ዙር ጨርሳ በተመለሰች ቁጥር እጇን ሰድዳ ዳብሳ አንድ ቁልፍ ታሻግርና ትመለሳለች። ያለ መነጽሯ ቁልፍና ጠጠር አትለይም፤ የዋናው መነጽር ደግሞ በእንፋሎት ይታፈናል። ጣቶቿ ናቸው የሚያዩላት።

መጀመሪያ ስድስት ቁልፍ አሻገረች። ከዚያ ስምንት። በዓመቱ አጋማሽ፣ ገና በየዙሩ እያረፈች፣ አሥር ላይ ደረሰች። ያኔ ነው የደቂቃ ቁርስ መዛነፍ የጀመረው። ሁለት ሰዓት ከሩብ፣ ሁለት ሰዓት ከሃያ። ወንበሩ ላይ ሆኖ የሰዓቱን ቆጣሪ ያያል፣ ሚስቱን ያያል፣ እንደ አሮጌ አውቶቡስ እያዘገመች ስትመለስ ያያል፣ ሆዱ ይጮኻል።

በአውቶቡስ ዘመኑ አንድ ዘዴ ነበረችው። ሰዓት ሲረፍድበት ሰው የማይበዛበትን ፌርማታ ይዘላል። በጥቂት ደቂቃ ይካካሳል፤ እዚያ ፌርማታ ላይ ቆሞ የቀረውን ሰው ደግሞ ማን ይጠይቀዋል? አንድ ጠዋት፣ እሷ ጀርባዋን ሰጥታ ወደዚያኛው ጫፍ ስትሄድ፣ ጎንበስ አለና አንድ ቁልፍ ከግራው ክዳን ወደ ቀኙ አሻገረ። አንዲት ፌርማታ። ማንም አላየም። ጋዜጣውን ገለጠና የኳስ ውጤት አነበበ።

በሚቀጥለው ሳምንት ሁለት አሻገረ። ከዚያ ሦስት። እሷ ሁለት በጨመረች ቁጥር እሱ አንድ ይጨምራል። ልጆቼ፣ ጥፋት እንዲህ ነው፤ በሩን አንኳኩቶ አይገባም፣ በቁልፍ በቁልፍ ነው።

አንድ ጠዋት ሃያውንም ቁልፍ ግራው ላይ ጨምራ ገባች፤ ኋላ እጇን ሰድዳ ግራውን ክዳን ዳበሰችው። ባዶ ነው። ደግማ ዳበሰች። ቀኙን ዳበሰች፤ ሞልቷል። ከውሃው ወጥታ መነጽሯን አድርጋ ቆጠረች። ሃያ። አሥራ አራቱ የእሷ፣ ስድስቱ የእሱ ነበሩ።

«ሃያ!» አለች። «ደቂቃዬ፣ ሃያ ነው! ሺህ ሜትር!» ውሃ እያንጠባጠበች ጋዜጣውን ከነእሱ አቅፋ አለቀሰች። ሸሚዙ ደረቱ ላይ ተለጠፈ።

እዚያው ሊነግራት ነበር። እውነቴን ነው፣ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ግን የዋና አሰልጣኙ፣ በዕድሜ ልጃቸው ሊሆን የሚችል ቀልደኛ ጎረምሳ፣ ከወዲያ እያጨበጨበ መጣ።

«ማዘር! በስንት ደቂቃ?»

ደቂቃ ሰዓቱን አየ። ሰዓት ላይ ዋሽቶ አያውቅም። «ሠላሳ አንድ ደቂቃ» አለ።

«ኧረ ማዘር፣ ፈጅተሽናል! ሐይቁ በዓመቱ መጨረሻ ይጠብቅሻል በያ!»

ዙሪያቸው ያሉት ዋናተኞች ሁሉ አጨበጨቡ። አሁን እንዴት ብሎ ይንገራት? ልጅ ፊት፣ ሰው ፊት፣ እርጥብ ሸሚዝ ለብሶ? ነገ እነግራታለሁ አለ። ሳይቃጠል በቅጠል የሚለውን ያውቀዋል፣ ግን ያን ቀን ቁርሱ በሰዓቱ ደረሰ።

ገንዳው ላይ እሷን የመሰለች አንዲት ጓደኛ ነበረቻት፣ ጡረታ የወጣች የሒሳብ መምህርት። ሁለቱ ባንድ መስመር ነው የሚዋኙት፣ እኩል ገብተው። መምህርቷ ሺህ ሜትሩን በአርባ አምስት ደቂቃ ትጨርሳለች። ልብስ ሰፊዋ ቀድማት ወጥታ ፀጉሯን አድርቃ ስትጠብቃት መምህርቷ ሁለት ሦስት ሳምንት ታዘበች። አንድ ጠዋት ፎጣዋን ጭንቅላቷ ላይ እየጠመጠመች ወደ ወንበሩ መጣች።

«እህቴ፣ አንድ ሒሳብ አልገባኝ አለ» አለች። «ውሃ ውስጥ አልፈሽኝ አታውቂም።»

«እና?» አለች ልብስ ሰፊዋ።

«እናማ ካላለፍሽኝ እንዴት ቀድመሽኝ ትጨርሻለሽ? እኩል ነው የምንገባው። ሃያ ለኔም ሃያ ነው፣ ላንቺም ሃያ ነው።»

ደቂቃ ጋዜጣውን ዝቅ አደረገ። ጆሮው ግሏል። «መምህርት፣ እርስዎ ልብ ሳይሉ አልፋዎት ይሆናላ» አለ። «እርስዎ ሲዋኙ እኮ፣ አይቀየሙኝና፣ ውሃው ራሱ ነው የሚያልፍዎት።»

አጠገባቸው ካልሲ የሚያደርግ ሰውዬ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። መምህርቷ ፊቷ ቀላ፣ ግን አልሸሸችም።

«ነገ እኔ ዳር ልቀመጥና ልቁጠርላት፣ አንድ ቀን ብቻ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ደነገጠች። ሃያዎቹን ቁልፎች እፍኟ ውስጥ ይዛ ቆማ ነበር። «ምን ማለትሽ ነው? ባሌ ዓይኑ አያይም ነው? ወይስ እኔ ነኝ የምሰርቀው?»

«አልሰረቅሽም፣ የኔ እናት። ሐይቅ እኮ ጠርዝ የለውም፣ ፈርቼልሽ ነው…»

«አትፍሪልኝ» አለች። እንዲህ ባለ ድምፅ ለሰው ስትመልስ የመጀመሪያዋ ነበር።

በመኪናቸው መንገዱን አጋመሱ። ነገሩን ያነሣው ደቂቃ ነው።

«ቅናት ነው፣ ተያት። አርባ ዓመት የልጆች ደብተር ስታርም ኖራ፣ ቀይ እስክሪብቶ ካልያዘች እንቅልፍ አይወስዳትም።»

ልብስ ሰፊዋ ቁልፎቹን ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረች። «እውነትህን ነው» አለች። «አንተን ግን እንዲህ ትበል?» ዓይኗን ጠረገች። ያለቀሰችው ለእሱ ነበር፣ ስሙ ስለተነካ። እሱ ማርሽ ቀየረ።

ከዚያ ቀን ወዲያ ሁለቱ ሴቶች ሰላምታቸው በጭንቅላት ሆነ። መምህርቷም መስመር ቀየረች።

የሐይቁ ጉዞ ደንብ ነበረው። ለስድስት ሳምንት፣ በሳምንት ሦስት ቀን፣ ሺህ ሜትር ሳይቆም የዋኘ ብቻ ይመዘገባል፤ ዳር ሆኖ ያየ ሰውም ይፈርምለታል። አሰልጣኙ ወረቀቱን ይዞ ወደ ወንበሩ መጣ።

«ፋዘር፣ ምስክር አንተ ነህ። ሺህ ሜትር ዋኝታለች?»

ደቂቃ እስክሪብቶውን ተቀበለ። ልጆቼ፣ በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰበ ልንገራችሁ፣ ክፋት ሁሉ በክፉ ፊት የሚመጣ እንዳይመስላችሁ። «ሐይቁ ራሱ ይንገራት» ብሎ አሰበ። ትሞክራለች፣ ይደክማታል፣ ጀልባው ያወጣታል፣ አለቀ። እኔ ምን አፌን አስከፈተኝ? ወረቀቷንም ትቀድደዋለች፣ ቤታችንም ወደ ሰዓቱ ይመለሳል። ከዚህ ሌላ ደግሞ አንዲት ትንሽ ሐሳብ ነበረች፣ ለራሱም ያልነገራት፦ ስትወድቅ «ነግሬሽ ነበር» ማለት ይጣፍጣል።

«ዋኝታለች» አለና ፈረመ። ፊርማው እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነበር።

የሐይቁ ቀን ጠዋቱ ቀዝቃዛ ነበር፣ ነፋስም ነበረው። ሠላሳ የሚያህሉ ሰዎች ዳር ያለው የእንጨት መድረክ ላይ ቆመው ይንቀጠቀጣሉ፣ ይቀላለዳሉ። ከዚህ ዳር እስከዚያኛው ዳር ሺህ ሜትር ነው፤ በየመቶ ሜትሩ ቢጫ ተንሳፋፊ ኳስ ታስሯል። ደቂቃን አሰልጣኙ፣ የደከመ ዋናተኛ ከሚያወጣው ከነፍስ አድኑ ጋር ጀልባ ላይ አስቀመጠው። «ፋዘር፣ ማዘርን አንተ ካየሃት ትበረታታለች» ብሎት።

ከመግባቷ በፊት ጀልባው ጫፍ ላይ መጥታ እጁን ያዘችው። እጇ በረዶ ነበር። «ደቂቃዬ፣ ፈራሁ እኮ።»

አሁን ቢነግራት ትወጣ ነበር። ታፍር ነበር፣ ታኮርፈው ነበር፣ ምናልባት ወር ሙሉ አታናግረውም ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ግን ትመለስ ነበር።

«ከፈራሽ ቅሪ» አላት። «ካረጁ አይበጁ፣ ማን ይፈርድብሻል?»

ያ ነገር እልኳን አነሣው። ቆቧን ጆሮዋ ድረስ ሳበችና ገባች።

በደንብ ዋኘች፣ ሊደበቅ አይገባም። መጀመሪያውን ኳስ አለፈች፣ ሦስተኛውን አለፈች። ነፋሱ ውሃውን ፊቷ ላይ ሲመታው ዓይኗን አልጨፈነችም። አምስተኛው ጋ ስትደርስ ቀና ብላ ወደ ጀልባው ፈገግ አለች። ነፍስ አድኑ፣ ዝምተኛ ሰው ነው፣ «ጎበዝ ናቸው» አለ። ደቂቃም ለአፍታ ኩራት ቢጤ ተሰማው። ምናልባት ትጨርሰው ይሆናል አለ። ብትጨርሰው እኮ ውሸቱ እውነት ይሆናል። ሰው ሲጨንቀው ስንት ነገር ይመኛል!

ሰባተኛው ኳስ ጋ ክንዷ ከበደ። በጀርባዋ ተገለበጠችና አየር ሳበች።

«ደቂቃ!»

«አለሁ።»

«ምን ሆኜ ነው?» ድምፅዋ ይቆራረጣል። «ገንዳው ውስጥ ሃያውን ስጨርስ ነው እንዲህ የምሆነው። ልክ እንዲህ! ይሄ ገና ሰባት ነው አይደል? ምን ነካኝ?»

ሰምታችኋል? እውነቱን ራሷ ነገረችው። የቀረው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ ከዚህ አልፈሽ ዋኝተሽ አታውቂም፣ ነይ ውጪ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ነፍስ አድኑ መቅዘፊያውን አቁሞ ሁለቱንም ያያል። ደቂቃ የነፍስ አድኑን ዓይን አየ፣ የዚያኛውን ዳር አየ፣ እዚያ ቆመው የሚጠብቁትን ሰዎች አየ።

«በርቺ» አለ። «ሦስት መቶ ብቻ ነው የቀረሽ።»

ታዘዘችው። ሠላሳ አምስት ዓመት ታዝዛዋለች፣ ዛሬ ምን ተለየ? ተገልብጣ ቀዘፈች። አሥር ቀዘፋ፣ ሃያ ቀዘፋ። ውሃ ዋጠች። ሳለች። ደግማ ዋጠች። በሰባተኛውና በስምንተኛው ኳስ መካከል፣ ወደ ስምንተኛው ቀረብ ብላ፣ ቆቧ ብቻ ታየ፤ ቀጥሎ ቆቧም አልታየም።

ነፍስ አድኑ ዘሎ ገባ። ደቂቃ የጀልባዋን ጠርዝ በሁለት እጁ ይዞ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ እያንዳንዷን ደቂቃ የቆጠረ ሰው፣ ያቺ ጊዜ ስንት እንደነበረች እስከ ዛሬ አያውቃትም። ከዚያ ፀጉሯ ወጣ፣ ፊቷ ወጣ፣ ነፍስ አድኑ እንደ ረጠበ ብርድ ልብስ ጎትቶ ጀልባው ላይ ጣላት። አስመለሳት። ተነፈሰች።

ደቂቃ ዓይኑን ጨፈነ። «ተረፍኩ» አለ በሆዱ። ተረፈች አይደለም ያለው። ተረፍኩ ነው ያለው።

ወደ ዳር ሲያደርሷት ሰው ከበባት። መምህርቷ ጨርሳ፣ በፎጣ ተጠቅልላ ከሩቅ ቆማ ታያለች። ልብስ ሰፊዋ ጥርሷ እየተንገጫገጨ አሰልጣኙን ትለምናለች፤ «ይቅርታ፣ የኔ ልጅ፣ አዋረድኩህ፣ ሰውነቴ ከዳኝ፣ በየቀኑ እችለው ነበር እኮ፣ ባሌን ጠይቀው…»

አሰልጣኙ ቀልዱ ጠፍቶበት ነበር። «ማዘር፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ ሺህ ሜትር የዋኘ ሰው ሰባት መቶ ላይ እንዲህ አይሆንም» አለ። «ልብዎትን ይታዩ።»

በማግስቱ ክሊኒክ ሄዱ። ዶክተሯ ወጣት ናት፣ ጥንቁቅ ናት። ልቧን አዳመጠች፣ በማሽን አየች፣ ወረቀቱን ደጋግማ ገለበጠች።

«ምርመራው ላይ የሚታይ ነገር የለም፣ እማማ» አለች። «እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ሺህ ሜትር ያለ ችግር ይዋኙ ነበር ብለውኛል።»

«አዎ፣ ልጄ። በሠላሳ ደቂቃ።»

ዶክተሯ ወደ ደቂቃ ዞረች። «አባባ፣ እርስዎ አይተዋል? ጥያቄውን የማበዛው ለምን መሰለዎት፣ ያን ያህል የማይዋኙ ቢሆን ኖሮ ‹ከአቅማቸው በላይ ሄደው ደክሟቸው ነው› ብዬ ዛሬውኑ ወደ ገንዳቸው እመልሳቸው ነበር። የለመደ ሰው በድንገት እንዲህ ሲሆን ነው የሚያስፈራው።»

እንግዲህ ዶክተሯ ሳታውቅ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችለት። ክፍሉ ውስጥ ከሦስቱ በቀር ሰው የለም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ሚስቱ አንገቷን ዘንበል አድርጋ፣ እሱ ያልዋሸ ሰው እንደሆነ በሚያውቅ ዓይን ታየዋለች። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይላሉ፤ ሆዱ ያውቃል።

«አይቻለሁ» አለ። «ሃያውንም።»

ዶክተሯ ራሷን ነቅንቃ ጻፈች። ዋና ተከለከለ። ሐይቅ ብቻ አይደለም፣ ገንዳም፣ ጥልቁም፣ ዳሩም። ለልብ ተብሎ አንድ ክኒን ጠዋት፣ አንድ ክኒን ማታ ታዘዘላት። ደህና ልቧ ነው፣ ልብ በሉ፣ ለደህና ልቧ።

ወደ ቤት ሲመለሱ መኪና ውስጥ «ነግሬሽ ነበር» ለማለት አፉን ከፈተ። አልወጣለትም። ለዚያ ያህል እንኳ ሰው ሆኖ ነበር። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ወጣለት፤ ሲወጣለትም እንዳሰበው አልጣፈጠውም።

መምህርቷ በአሥር ቀኗ ልትጠይቅ መጣች። ደቂቃ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ።

«አግኝቻት አንድ ነገር ልነግራት ነበር» አለች። «ልቧ አይመስለኝም፣ አቶ ደቂቃ። ቁጥሩ ነው። እርስዎም የሚያውቁት ይመስለኛል።»

«ተኝታለች» አለ።

ከጓሮው ክፍል የማሽኑ ድምፅ ይሰማል። መምህርቷ ድምፁን ሰማች፣ ፊቱን አየች። ያመጣችውን ፍራፍሬ ደጃፉ ላይ አስቀምጣ ሄደች። «ማን ነበር?» ስትለው «በር የተሳሳተ ሰው» አላት።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ አባቶች። ብዙ ጊዜ ይጠራል። እዚያ ቤት ግን እያደር ክኒኑ ለመደ፣ ክልከላው ለመደ፣ ውሸቱም እንደ ቤት ዕቃ ቦታውን ያዘ። አዲሱ ዓመት ሲገባ ልብስ ሰፊዋ አንድ ደንበኛ እየለካች እንዲህ ስትል ደቂቃ ከበሩ ሆኖ ሰማት።

«ወጉ አይቅርብኝ ብዬ ዋና ሞክሬ ነበር። ልቤ እምቢ አለ። ይሄ ሰው ጀልባው ላይ ባይኖር ኖሮ ዛሬ አፈር በልቼ ነበር። እግዜር ይስጠው፣ አንድ ቀን ሳይቀር ዳር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ነው የኖረ።»

ደንበኛዋ ዞራ ደቂቃን በአክብሮት አየችው። «የታደልሽ ነሽ» አለች።

ደቂቃ እጁን እያፍተለተለ ቆመ። ምስጋናውን ግን አልመለሰውም። ተቀበለው።

በቃ፣ ይኸው ነው። እሱን ተዉት፣ ለእሱ የምጠይቃችሁ ነገር የለም። እሷን ግን እንዲህ ያዙልኝ። ያቺ ሴት በሃምሳ ስምንት ዓመቷ፣ ነፋስ በሚያናውጠው ሐይቅ፣ ማንም ሳይደግፋት ሰባት መቶ ስልሳ ሜትር ዋኝታለች። በዕድሜዋ ከዋኘችው ሁሉ ረጅሙ እሱ ነበር። እሷ ግን የወደቀችበት ቀን አድርጋ ነው የምትቆጥረው፤ የሚነግራት ሰው አላገኘችም። ሰባት መቶ ስልሳ። እናንተ እንኳ እንዳትረሱት፣ ልጆቼ፣ አደራ።